ከሳንቃው ሥር ቃል ስሰጥ

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ሽኝት አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ አንዱ ኃላፊ ስሜን ሁለት ጊዜ አሳስቶ ንግግር አደረገ። ይሁን ብዬ ቻልሁት። በኋላ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ዘፋኝ፣ መልከ መልካም ልጅ ናት፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና "እማማ የሺ፣ እርስዎ ግን ምን ነበር የሚሠሩት? ዘፋኝ ነበሩ?" አለችኝ።

"አይደለሁም።"

"ተወዛዋዥ?"

"በዚህ እግሬ?"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ ምን ሲሠሩ ኖሩ?"

"መድረክ ላይ አይደለም የኔ ልጅ፤ ከመድረክ ሥር ነው" አልኋት። የቀለድሁ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ቆሽቴ አረረ። ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝ። የተናደድሁት በእሷ አይደለም፤ እሷማ ምን ታድርግ? ዛሬ ዘፈኑ ከፍላሽ ይወጣል፣ ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ቃል የሚጠፋበት ሰው የለም። በእኛ ጊዜ ግን ቃል ይጠፋ ነበር፤ ሲጠፋም የምሰጥ እኔ ነበርሁ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ሠርቻለሁ፤ ያውም አሳምሬ።

በደሞዝ ወረቀቱ ላይ "የመድረክ ረዳት" እባል ነበር። ደሞዙን ተዪው፤ ለማውራትም አይበቃ። ተዋንያኑ ደግ ሲሆኑ "መሪ" ይሉኛል፣ ሲቀልዱብኝ ደግሞ "የሺ ጉድጓድ"። ሁለቱም ልክ ነው። መቀመጫዬ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከሳንቃው ሥር የተቆፈረች ጠባብ ጉድጓድ ነበረች። ጭንቅላቴን የሚሸፍን ሣጥን መሰል ክዳን አላት፤ ክዳኑ ወደ ተመልካቹ ዝግ፣ ወደ ተዋንያኑ ክፍት ነው። ከዚያ ሆኜ እግራቸውንም ጉሮሯቸውንም አያለሁ። ጥበቡ የጠፋውን ቃል መስጠት አይደለም፤ ያንንማ ማንም ያደርገዋል። ጥበቡ ሳይጠፋ በፊት ማወቁ ነው። ቃል ሊጠፋበት ያለ ሰው አስቀድሞ የእግሩን ጣቶች ይሰበስባል። አየር ሲስብም አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ትቆማለች። ያን ጊዜ፣ ከበሮው ሲመታ፣ በምቱ ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ጣል ማድረግ ነው። ከከበሮው ቀድመሽ ከሰጠሽ ተመልካቹ ይሰማል፤ ከዘገየሽ ሰውየው ወድቋል። ከዚያ ሌላ አንዲት ዱላ ነበረችኝ። ሳንቃውን ከሥር አንዴ ስመታው "ወደ አዝማቹ ተመለስ" ማለቴ ነው፣ ሁለቴ ስመታው "ወደሚቀጥለው ስንኝ እለፍ"። ተመልካቹ የከበሮ ትርፍ ይመስለዋል።

ይህን ሥራ የት ተማርሽው ብትዪኝ አባቴ ቤት ነው። የተወለድሁት ዘጌ ነው፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ግቢያችን ውስጥ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ቅኔ በማኅሌት ሲቀርብ ልማድ አለው። ቅኔውን የቆጠረው ሰው በጆሮ ሹክ ይላል፤ ተቀባዩ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ በዜማ ለጉባኤው ያሰማል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አባቴ ተማሪዎቻቸውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት መስማት ነው። እኔም ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ጌሾ እየቀነጠስሁ አብሬ እሰማለሁ። ሴት ልጅ ከጉባኤው አትቀመጥም፤ ግድግዳው ግን ድምፅ አይከለክልም ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መሐል ላይ ቃሉ ጠፋበት። አባቴ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ዝምታው ሲረዝም አላስችለኝ አለና ከግድግዳው ማዶ ቃሉን ሰጠሁት። ጌሾውን ጥዬ ልሮጥ ስል አባቴ "ከእናንተስ ይቺ ግድግዳ ትሻላለች" ሲሉ ሰማሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አባቴ ግቢና ተቀመጪ ብለውኝ አያውቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መቀመጫቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ማስቀመጥ ጀመሩ።

አብዮቱ ፈንድቶ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም እኔ ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ነበርሁ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር እቀጥል ነበር። የከተማው ኪነት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድሁ። የኪነቱ ኃላፊ ጋሽ አስናቀ ይባላሉ፤ ቀድሞ በማርሽ ባንድ ጥሩንባ ነፊ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። ዝፈኚ አሉኝ፣ ዘፈንሁ።

"ድምፅሽስ የተሰነጠቀ ጋን ነው" አሉኝ። "ሌላ ምን ትችያለሽ?"

ደሜ ፈላ። "መስማት እችላለሁ" አልኋቸው።

"ማን የማይሰማ አለ?"

ተራዬን ስጠብቅ ተዋንያኑ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ልምምድ ላይ ነበሩ። ዓይኔን ጨፍኜ የሰማሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቼ አወረድሁላቸው፤ የሽማግሌውን ንግግር፣ የልጃገረዶቹን ዘፈን፣ ጋሽ አስናቀ ራሳቸው ከበሮ መቺውን የሰደቡትን ስድብ ሳይቀር። ተዋንያኑ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ አስናቀ አልሳቁም። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የአሮጌ ጥሩንባቸውን መንፊያ አፍ ይይዛሉ፤ እሷን አውጥተው በጣታቸው እያገላበጡ ትንሽ አዩኝና "ነገ በጠዋት ነይ" አሉኝ።

ሰውየው ልማዳቸው ብዙ ነው። ትርኢት ባለ ቀን መድረኩን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ መጥረጊያቸውን ማንም አይነካም። "ሰው የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አለብኝ" ይላሉ። ትርኢቱ እስኪያልቅ እህል አይቀምሱም። ጎበዝ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ በጣም ደስ ካላቸው "አልተበላሸም" ነው የሚሉት። እኔ በሥራ ዘመኔ አራት ጊዜ "አልተበላሸም" ተብያለሁ። አራቱንም ቀን ማን ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ልነግርሽ እችላለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የቅዳሜ ጠዋቱ ነው። አዲስ ሥራ ሲዘጋጅ ቡድኑን ሁሉ ይዘው ጣና ዳር ይወርዳሉ። አያ ሰይድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እስላም ነው፣ አባቶቹም ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። በዕድሜው ቲያትር ቤት ገብቶ አያውቅም። እሱ የደንገል ታንኳውን ይዞ ሩቅ ይገባል፣ እኛ ከዳር ቆመን በየተራ እንዘፍናለን። ድምፁ ሲሰማው አይደለም፣ ቃሉ ሲገባው ነው መቅዘፊያውን ወደ ላይ የሚያነሣው። መቅዘፊያው ያልተነሣለት ሰው መድረክ አይወጣም። እንዲህ ያለ ፈተና የትም አገር ያለ አይመስለኝም።

አንዴ አንድ ድምፀ ነጎድጓድ የሆነ፣ በራሱ የሚመካ ዘፋኝ መጣ። ውኃው እስኪርገበገብ ዘፈነ። መቅዘፊያው ወይ ፍንክች።

"አያ ሰይድ! አልሰማህም እንዴ?" ብለው ጋሽ አስናቀ ተጣሩ።

"ሰምቻለሁ!" አለ ከሩቅ። "አንድ በሬ ይጮሃል! ምን እንደሚል ግን አልገባኝም!"

ልጁ ወር ሙሉ አኮረፈ። በኋላ ግን ቃል አጥርቶ በማውጣት ከሁላችን የሚበልጥ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ዘነበች ልምጣ። ዘነበች የቆላ ድባ ልጅ ናት፤ አባቷ እህል ነጋዴ ነበሩ። እሷ ስትዘፍን አያ ሰይድ መቅዘፊያውን አንሥቶ ማውረድ ይረሳ ነበር። ኮርታ የምትሄድ፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትስቅ ሴት ናት። ያለ እሷ ሙዚቃዊ ድራማ አይታሰብም ነበር። እኔና እሷ ደግሞ ጥርስና ድድ ነን፤ ምክንያቱም አንድ ምሥጢር ነበረን። ዘነበች ማንበብ አትችልም። ሌላው ተዋናይ ወረቀቱን ይዞ ሲያጠና እሷ ወረቀቱን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጥልፍ የምጠልፍ እየመሰልሁ ቃሉን በጆሮዋ አፈስሳለሁ። ልክ እንደ ቅኔው።

"ለምን አትማሪም ዘኒ?" ስላት "አንቺ እያለሽልኝ ምን አደርገዋለሁ?" ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ስትል ደስ ይለኝ ነበር። ያለ እኔ አትሆንም ብዬ እኮራ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጋጋል ስለ ዘመቻው ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጁ ተባልን። ጋሽ አስናቀ ጻፉት። ታሪኩ ልጇ ጦር ግንባር የዘመተባት የአንዲት እናት ነው፤ የልጇን ደብዳቤ ራሷ ለማንበብ ስትል በስተርጅና ፊደል ትቆጥራለች። እናቲቱን የምትጫወተው ማን ትሁን? ዘነበች! ማንበብ የማትችለዋ ሴት፣ ማንበብ የምትማረዋን ሴት ሆና። ሁለታችን ተያይተን ጓዳ ገብተን እስኪያመን ሳቅን። የድራማው ልብ የሆነው ዘፈን ላይ፣ ደብዳቤውን በእጇ ይዛ እንዲህ ትላለች፤

ልጄ የላከልኝ ወረቀት በእጄ ነው፣
ደኅና ነኝ ይል ይሆን ወይ ሌላ ነገር ነው?
ጎረቤት ጠርቼ አንብብልኝ ብለው፣
ከፊደሉ በፊት ፊቱን ነው የማነበው።

ይህንን ስንኝ አንድ ወር ሙሉ ተለማመድነው። ትርኢቱ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ሥራውን የሚመረምረው ሹም መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ የተሾመ፣ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ ነው። ዘፈኑን ሰምቶ ፊቱ ተለወጠ። "ይህ የዘማች ቤተሰብን ልብ ይሰብራል። ይሰረዝ" አለ። በምትኩም ራሱ የጻፈውን ሰጠን፤

ማዳበሪያው ሲደርስ መመሪያውን አይቼ፣
ምርቴን አሳድጋለሁ በፊደል በርትቼ።

ጋሽ አስናቀ የጥሩንባውን አፍ በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩና "እሺ" አሉ። አዲሱ ወረቀት ታትሞ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ታደለ፤ ለዘነበችም ደረሳት። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ማዳበሪያውን በጆሮዋ ሳፈስስ ሰነበትሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጽሑፉ ለእኔም ይሰጠኛል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቼ እንዳየው ትንሽ መብራት ሁሉ ተደርጎልኝ ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን ዘርግቼው አላውቅም። የመሪጌታ ልጅ ወረቀት እያየች ቃል ትሰጣለች? ሞቼ ነው! አጥፌ እቀመጥበት ነበር። ጉድጓዱ ይቀዘቅዛል፣ ጽሑፉም ደልደል ያለ ነው፤ ጥሩ ምንጣፍ ይወጣዋል። ይህን እንደ ጀብዱ ለሰው ሁሉ አወራው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ሹሙ ከበላዮቹ ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ ከኋላ ደግሞ ከየቀበሌው የመጡ እናቶች ናቸው፣ አብዛኞቹ ልጆቻቸው ዘምተዋል። ትርኢቱ ሳይደናቀፍ ሄደ። ደብዳቤው ጋ ደረስን። ዘነበች ወረቀቷን ይዛ ወደ ፊት መጣች፣ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፣ አዝማቹ ተዘፈነ። ከዚያ የእግሯ ጣቶች ሲሰበሰቡ አየሁ። የአንገቷ ሥር ቆመች። ከበሮው መጣ። አፌን ከፈትሁና ቃሉን ሰጠኋት።

"ልጄ የላከልኝ" ነው ያልኋት።

ማዳበሪያው የት እንደገባ አላውቅም። ወር ሙሉ በውስጤ የኖረው ነው የወጣው። ጽሑፉን ዘርግቼ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ያርመኝ ነበር፤ እኔ ግን ተቀምጬበታለሁ። ወዲያው ገባኝና በዱላዬ ወደ አዝማቹ እንድትመለስ ሳንቃውን መታሁ። ዘነበች ግን አልፋ ሄዳ ነበር። ያን ቀን እንደዘፈነችው አድርጋ ዘፍናው አታውቅም።

"ፊቱን ነው የማነበው" ብላ ስትጨርስ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አላጨበጨበም። ከኋላ ልቅሶ ሰማሁ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ በመተላለፊያው ቀጥ ብለው መጡና መድረኩ ሥር ቆሙ፣ ከእኔ ጉድጓድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ከደረታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ወደ ዘነበች ዘረጉ።

"ልጄ፣ አንቺ አሁን ተምረሻል፤ ይቺንም የእኔን አንብቢልኝ" አሏት።

አቤት ጌታዬ! ዘነበች ወረቀቱን ተቀብላ ደርቃ ቀረች። ቁልቁል አየችኝ። ዓይኗን ዛሬም አየዋለሁ። እኔ ምን ልስጣት? ያልሰማሁትን ቃል ከየት ላምጣ? ጋሽ አስናቀ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው መጡ። ረጋ ብለው ሴትዮይቱን ደግፈው ወደ ጎን ወሰዱና እዚያው ጥግ ላይ በሹክሹክታ ደብዳቤውን አነበቡላቸው። የቆየ ደብዳቤ ነበር፤ ሴትዮይቱ ብዙ ጊዜ አስነብበውታል። ልጃቸው ደኅና ነው፤ ደግመው ሊሰሙት ፈልገው ነው። ሹሙ ግን ያን ጊዜ ከበላዮቹ ጋር ተነሥቶ ሄዷል።

በማግሥቱ ተሰበሰብን። ሹሙ ፊቱ ጠቁሯል፤ ለራሱም ፈርቷል።

"ጓድ ዘነበች፣ ይህ ስንኝ መሰረዙን አታውቂም ነበር?"

ዘነበች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"አዲሱ ወረቀት አልተሰጠሽም?"

እኔ ልነሣ ጉልበቴን ያዝ አድርጌ ነበር። "እኔ ነኝ" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ፍርሃት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቃል ሰውን የት እንደምታደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ቃል ሰጪዋ፣ የራሴን ቃል ዋጥሁት።

ጋሽ አስናቀ ተነሡ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእሷ የተዘጋጀውን ወረቀት ሳልሰጣት ኪሴ ውስጥ ረስቼው ይኸው" አሉ። የራሳቸው ቅጂ ነበር። የዘነበችን ወረቀት እኔ ነኝ በእጄ ያስቀበልኋት፤ ያን ሰዓትም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የቡድኑ ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን አወቀ፤ ማንም ግን አላጋለጣቸውም።

በሳምንቱ ጋሽ አስናቀ ከኪነት ሥራ ታግደው ማክሰኝት የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። መጥረጊያቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ። ሲሄዱ "አይዟችሁ" እንኳ አላሉም። እኔን አይተው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ዘርግቼ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ዘነበችን ደግሞ እጇን ይዤ ጣና ዳር ወሰድኋትና "ከዛሬ ጀምሮ ፊደል ትቆጥሪያለሽ" አልኋት።

"ማ? እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ሲዘረጉልሽ ምን ተሰማሽ?"

ፊቷን አዙራ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "ሀ የትኛዋ ናት?" አለችኝ።

ከሥራ በፊት በየጠዋቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ እየተሳደበች፣ እኔ እየተቆጣሁ፣ ወራት ፈጀብን። ፊደሉን ለየች፣ ቃል ማገጣጠም ጀመረች፤ ግን አንድ ቃል ትንሽ ጠጠር ካለባት ወዲያው ቀና ብላ እኔን ታያለች። እኔም ልማድ ሆኖብኝ እሰጣታለሁ። እዚያ ላይ ቆመን ቀረን።

አንድ ማክሰኞ መኪና ተሳፍሬ ማክሰኝት ሄድሁ። የገበያ ቀን ነው። መጋዘኑን ጠይቄ ስደርስ ከውስጥ ዜማ ይሰማል። ጆንያ የሚያወርዱት ሸክመኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ሲያነሡ ያወጣሉ፣ ግማሾቹ ሲጥሉ ይቀበላሉ፣ ቃሉ ጥርት ያለ። ጋሽ አስናቀ መሐል ላይ ቆመው ወለሉን በመጥረጊያቸው ይጠርጋሉ። ከስተዋል። ሸክመኞቹን ግን በጥቂት ወር እንዲህ አድርገዋቸዋል! ሳላስበው ሳቄ መጣ።

"መጣሽ?" አሉኝ።

ሰላምታውን ሳልጨርስ "ጋሽ አስናቀ፣ ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ" አልኋቸው።

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ከሳንቃው ሥር ሌላ ሰው ነበር እንዴ?"

ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። "ታዲያ ለምን እኔን አሳልፈው አልሰጡኝም? ለምን ራስዎን?"

"አንቺ 'ቃሉን ሰጠኋት' ብትዪ ሰውየው ቀጥሎ ምን ይጠይቅ ነበር? 'ወረቀቱ እያላት ለምን አላነበበችውም?' ይል ነበር። ከዚያ ያቺን ልጅ በአደባባይ ሊያዋርዷት ነው። በመሠረተ ትምህርት ድራማ ላይ!"

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ደብዳቤውን ስታነብ ዓይኗ አይሄድም ነበር። የሚያነብ ሰው ዓይን ይሄዳል" አሉ። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ኮስተር አሉብኝ። "ጥፋትሽ ቃል መሳሳትሽ አይደለም፤ ቃል ማንም ይሳሳታል። ጽሑፉ ላይ መቀመጥሽ ነው። ሌላው ጥፋትሽ ደግሞ ያቺን ልጅ ያለ አንቺ እንዳትቆም አድርገሽ ማኖርሽ ነው። አሁንስ ታነባለች?"

"ፊደሉን ጨርሳለች። ከበድ ሲልባት ግን እኔን ታየኛለች።"

"አንቺስ?"

"እሰጣታለሁ" አልኋቸው። ወደ ጓዳቸው ገብተው ትንሽ ቆዩና የታሸገ ፖስታ ይዘው ወጡ። "ለዘነበች ነው። አንቺ እንዳትከፍችው። ስታነበውም እንዳትረጃት። ደግሞ ከዳር ሆና፣ አያ ሰይድ ውኃው ላይ ሆኖ ታንብበው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገርና ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ያ ዓመት ሳይሞላ፣ የሹሙ ጥያቄ ዘነበችን ሊያዋርዳት በማይችልበት ጊዜ፣ በቡድኑ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ሹሙ ባለበት፣ ያን ቀን ቃሉን የሰጠሁ እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስድስት ወር ከጉድጓዴ አስወጥተው የመድረክ ልብስ ሲያሰፉኝ ከረሙ። ጋሽ አስናቀን መልሷቸው ተብሎም ተጠየቀ፤ እሳቸው ግን "እዚህ ጀምሬአለሁ" ብለው ከሸክመኞቻቸው ጋር ቀሩ። የማክሰኝት ኪነት የሚባለው በኋላ ከዚያ መጋዘን ነው የወጣው። እኔም ወደ ጉድጓዴ ተመልሼ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ አዳራሹ ፈርሶ እስኪሠራ ድረስ ስንቱን ዘፋኝ ከመውደቅ አዳንሁ። በዚህ ሁሉ እኮራለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምኮራው ግን ምንም ቃል ባልሰጠሁባት በዚያች ጠዋት ነው።

ከማክሰኝት በተመለስሁ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ዘነበችን ይዤ ጣና ዳር ወረድሁ። አያ ሰይድ ታንኳውን ይዞ ሩቅ ገባ። ነፋስ የለም፣ ውኃው ዝም ብሏል። ዘነበች ፖስታውን ቀደደችው። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ ወረቀቱን እንዳላይ ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

"ዘነበች ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ... ማንም እንዲያነብልሽ... አልፈቅድም። ያቺን እናት ስትጫወቺ... ሁሉም ነገርሽ አልተበላሸም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎሽ ነበር። ደብዳቤውን ስትይዢ... ዓይንሽ አይሄድም ነበር። ዛሬ ግን ይን..."

ቆመች። "ይን... ይንቀ..." አለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሳላያትም አወቅሁ፤ ትንፋሿን ስትስብ ሰምቻለሁ። ቃሉን አውቄዋለሁ፤ ገና 'ይን' ስትል አውቄዋለሁ። ምላሴ ላይ መጣ። ከግድግዳው ማዶ ጌሾ ስቀነጥስ ጀምሮ የጠፋ ቃል እያወቅሁ ዝም ማለት አልችልም ነበር። ዝም ያልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም በማይገባ ቦታ፣ ሹሙ ዘነበችን በጠየቀበት ስብሰባ ላይ። ጥርሴን ነክሼ ውኃውን አየሁ።

ከዚያ ወረቀቱ ኮሽ ሲል ሰማሁ፤ ዘነበች ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

"ይን-ቀ-ሳ-ቀ-ሳል" አለች። ደግማም፣ በዚያ ድምፅዋ፣ ውኃውን ተሻግሮ በሚሄደው፣ "ዛሬ ግን ይንቀሳቀሳል!" አለች።

ከሩቅ፣ ከታንኳው ላይ፣ አያ ሰይድ መቅዘፊያውን አነሣ።